አመዱ አይሻ ቢደርስ፦ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ በአፋር ክልል፣ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአካባቢው ሰውና ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር ስሙን የሚጠራው አልነበረም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ሰማይ አለፈ፤ ፓኪስታንና ህንድ ደረሰ፤ የህንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። አፍዴራ አካባቢ ግን የሰዎቹ ጭንቀት ሌላ ነበር። ሰው አልሞተም፤ ሳሩ አመድ ለበሰ፤ ከብቱና ፍየሉ የሚበላው አጣ።

ዋናው ደመና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለተጓዘ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ያለችው አይሻ ከመንገዱ ውጭ ነበረች። ነፋሱ እንዲያ ባይሆን ኖሮስ? የሲቲ ዞን አርብቶ አደር፣ የአይሻ ባለ ሱቅ፣ የደወሌ መስመር ሾፌር፣ ጅግጅጋ ተቀምጦ ዘመዶቹ እዚያ ያሉበት ሰው፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎች ይጠብቋቸው ነበር። ልሂድ ወይስ ልቆይ? ከብቱን ልንዳ ወይስ ልሽጥ? ከብርካው፣ ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው፣ ልቅዳ ወይስ ልተው? የሚከተለው ለዚያ ሌሊት የተጻፈ ነው፤ ሲነበብ ግን ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ቢሆን ይመረጣል።

የሚወርደው ነገር ምንድን ነው?

ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። አመድ ሲባል ከምድጃ የምናወጣው፣ ለስላሳው፣ ድስት የምንፈትግበት ትዝ ይለናል። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን ተቃጥሎ የቀረ ነገር የለበትም፤ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። ከምድር በታች የቀለጠው ዓለት በውስጡ ጋዝ ይዟል። ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ክብደት ይቀልለታል፤ ጋዙም እንደተነቀነቀ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ሆኖ ይገነፍላል። ቅላጩ ይበጣጠሳል፣ አየር ላይም ደርቆ ስል ስብርባሪ ይሆናል። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰው ሁሉ አመድ ይባላል፤ ከዱቄት የሚልመውም ብዙ ነው።

ልዩነቱን በቤትዎ ማየት ይችላሉ። ከወረደው ቁንጥር ያንሱና ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩ። የምድጃ አመድ ሲሆን ውሃው ሙልጭልጭ ይላል፣ ከፊሉም ይንሳፈፋል። ይኛው ግን ይደፈርስና ቀስ እያለ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ አይሟሟም፤ ሲያደር ብርጭቆው ሥር እንደ ግራጫ ሲሚንቶ ተጋግሮ ያገኙታል። በጣትዎ መካከል ቢያሹት ይከረክራል። ስልክዎ ላይ አይሞክሩት፣ መስታወቱን ይቧጭረዋል። የከብት ጥርስ፣ የሞተር ሲሊንደር፣ የልጅ ዐይን ላይ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቅንጣት ከተራራው የወጣውን ጋዝ ለብሶ ይመጣል፤ ድኝ፣ ክሎሪንና ፍሎራይን። እነዚህ ከድንጋዩ በተለየ በውሃና በምራቅ ይታጠባሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

የትኛው ተራራ ነው? የትኛውስ ነፋስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ሠርተዋል ተብለው የሚቆጠሩ ከ50 በላይ እሳተ ገሞራዎች አሉ። አይሻ ራሷ የቆመችበት መሬት ጠንካራ ነው፤ የሥነ ምድር ሰዎች የአይሻ ብሎክ የሚሉት፣ በአፋር ዝቅታና በሶማሌ አምባ መካከል ሳይሰነጠቅ የቀረ የጥንት ዓለት። ስለዚህ ከእግርዎ ሥር የሚፈነዳ ነገር ይኖራል ብለው አይስጉ። ጎረቤቶቹን ግን ይወቋቸው።

በስተሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የጅቡቲው አርዱኮባ አለ። በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ በአሳል ሐይቅና በጉቤት መካከል መሬቱ ተሰንጥቆ አንድ ሳምንት ያህል ቅላጭ ፈሰሰ፤ አመዱ ብዙም አልነበረም። በስተምዕራብ፣ አቤ ሐይቅ ዳር፣ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ላይ ዳማ አሊ ተጋድሟል። በሰሜን ምዕራብ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የኤርታ አሌ ሰንሰለትና ሃይሊ ጉቢ፣ ከእነሱም በስተምሥራቅ የኤርትራዎቹ ናብሮና ዱቢ አሉ። ዱቢ በ1853 ዓ.ም. ሲፈነዳ ሁለት መንደሮች እንደጠፉና ከመቶ በላይ ሰው እንደሞተ ተመዝግቧል፤ ድምፁ ምጽዋ ድረስ ተሰምቷል። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ እንደ ሃይሊ ጉቢ ርቆ ፈንታሌ አለ፤ በአይሻ የሚያልፈው ባቡር መተሐራ ላይ በግርጌው ይሄዳል።

ርቀት ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ነፋስ ይበልጣል፤ ነፋስ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም።

አይሻ ነፋስን የምታውቅ ከተማ ናት፤ ተርባይኖቹ እዚያ የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ተርባይኑን የሚያዞረው፣ ፊትዎን የሚገርፈው ነፋስ ግን የታችኛው ነው። 14 ኪሎ ሜትር የወጣ አመድ የሚሄደው በላይኛው ነፋስ ነው፤ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነፍሱበት ጊዜ ብዙ ነው። በበጋ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ የላይኛው ነፋስ በአመዛኙ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ የኅዳሩ አመድ ህንድ የደረሰው በዚህ ነው። ካራን የተባለው የክረምት ዝናብ በሚዘንብበት ወራት ይገለበጥና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል። ናብሮ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ሲፈነዳ ደመናው ወደ ሱዳን አቅጣጫ ነበር የሄደው። አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተንም አመዱ በረራ እንዳይዘጋባቸው ጉብኝታቸውን አሳጥረው ወጡ።

ለአይሻ ይህ ምን ማለት ነው? እሳተ ገሞራዎቹ በአብዛኛው ያሉት ከእርስዎ በስተምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ነው። ስለዚህ ከፍ ብሎ የወጣ አመድ ወደ እርስዎ የሚመጣበት ዕድል በበጋ ይሰፋል፣ በካራን ይጠብባል። ካርታ ዘርግተው ከፈንታሌ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ መስመር ቢያሰምሩ አይሻ አካባቢ ይደርሳሉ። ስለሃይሊ ጉቢ ብዙ ተወርቷል፤ እኔን ግን ለአይሻ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፈንታሌ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል መሬቱ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ሲነሳ አይተናል። ያኔ አልፈነዳም።

እናም ወሬ ሲሰሙ አስቀድመው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የቱ ተራራ ነው? አመዱስ ስንት ኪሎ ሜትር ወጣ? ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ የሚሄደው ፊትዎ ላይ በሚሰማዎት ነፋስ ነው፤ ከ10 በላይ ከሆነ ያንን ነፋስ ይርሱት።

ስለ ሃይሊ ጉቢ «12 ሺህ ዓመት ተኝቶ ነቃ» የሚል ወሬም በየቦታው ዞሯል። ቁጥሩ የሚለው በዚያ ዘመን ውስጥ የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረም ነው። ማንም ሳይመዘግበው ያለፈ አልነበረም ለማለት አይበቃም፤ ደናክል ብዙ ጸሐፊ የዋለበት ምድር አልነበረም። «ተኝቷል» የተባለ ተራራ ሁሉ በሰላም ያለ እንዳይመስልዎ።

ሳሩ ላይ ስንት ወረደ? ከብቱስ አፉ የት ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ፤ የአይሻ ሰው ሀብት ያለው በአራት እግሩ ላይ ነውና።

ሁላችንም ከተራራው በራቅን ቁጥር ደኅና የምንሆን ይመስለናል። ለቤት ጣሪያ እውነት ነው፤ ሩቅ የሚደርሰው ስስ ነው። ለከብት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሩቅ የሚጓዘው በጣም የላመው ቅንጣት ነው፤ የላመ ነገር ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገላ ስላለው የሚለብሰው ፍሎራይን ብዙ ነው። አይስላንድ ውስጥ ሄክላ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲፈነዳ ሳሩ ላይ የወረደው በብዙ ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ወደ 7,500 በግና ግልገል አለቀ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1783 ላኪ የተባለው ስንጥቅ ሲፈነዳ ከአገሪቱ ከብት ከግማሽ በላይ ሞተ፤ ከዚያ በመጣው ረሃብም ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ ያህል አለቀ። የፈጃቸው ቅላጩ አልነበረም፤ ከሳሩ የመጣ ጠንቅ ነው።

እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ እኩል ፍሎራይን አይተፋም። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ፍሎራይድ የማያጣው ነው፤ በወንጂና በመተሐራ በጉድጓድ ውሃ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ የሆነው ከዚሁ የእሳተ ገሞራ ዓለት በሚታጠብ ፍሎራይድ ነው። ስለዚህ ተመርምሮ ነፃ እስኪባል ድረስ አመዱን እንዳለበት ቆጥሮ መጠንቀቅ ይበጃል።

ምልክቱ በቀናት ውስጥ ይታያል። እንስሳው መብላት ያቆማል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ እግሩ ይደርቃል፣ ያነክሳል፣ ይወድቃል። ያረገዘች፣ የምታጠባና ገና የሚያድግ ግልገል ቀድመው ይጎዳሉ። ይህን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ፤ መንጋውንም ከዚያ ሳር ያንሱ።

ፍሎራይን ባይኖር እንኳ አመዱ ብቻውን ይበቃል። ለአይሻ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የአርጀንቲናዋ ሳንታ ክሩዝ ይመስለኛል፤ ደረቅ፣ ነፋሻ፣ በግ የሚረባባት ሜዳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 ከቺሊ በኩል ሃድሰን የተባለው ተራራ አመዱን አለበሳት። ፍሎራይኑ አነስተኛ ነበር፤ በጎቹ ግን ሳሩን ከአመዱ መለየት አቃታቸው፣ ጥርሳቸው አለቀ፣ ዐይናቸው ታወረ፣ ጸጉራቸው አመድና እርጥበት ይዞ ስለከበዳቸው መነሳት ያቃታቸውም ነበሩ። ከሁሉ የከፋው በኋላ መጣ። ዝናብ የማይበዛበት ምድር ስለሆነ የወረደው አመድ አልረጋም፤ ነፋሱ ወራትና ዓመታት ሙሉ እያነሳ ከቦታ ቦታ ይዞት ዞረ። ብዙዎች እርባታቸውን ጥለው ሄዱ። መስኖ የነበራቸው ሸለቆዎች ቶሎ አገገሙ፤ ሜዳው ቆየ።

አይሻ ላይ ቢሆን ምን እንደሚመስል ለማሰብ ከዚህ የተሻለ መስታወት አላውቅም። ጥቂት ሚሊ ሜትር አመድ፣ የማይተኛ ነፋስ፣ ዝናቡም ገና ካራን ላይ። አንድ ነገር ግን ይሻለናል፤ ራሰ ጥቁሩ የሶማሌ በግ ሱፍ የለውም፣ አመድ የሚሸከምበት ጸጉር አጭር ነው። ግመልም ከግራር ቅርንጫፍ ከፍ ብሎ ስለሚበላ፣ ነፋስም ቅጠሉን ስለሚያራግፍለት፣ መሬት ለመሬት ከሚግጠው በግ የተሻለ ዕድል አለው። ያለው ድርቆሽ ወይም የማሽላ አገዳ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ለበግ፣ ለእርጉዝና ለሚያጠቡት፣ ቀጥሎ ለፍየል ያድርሱ፤ ግመሉ ይቆይ።

ወተቱን አይድፉ። ፍሎራይድ ወደ ወተት እምብዛም አያልፍም። ጡቱ፣ እጅዎና ማለቢያው አመድ እንዳይነካው ይታጠቡ፤ ይበቃል።

መንዳት፣ ማቆየት ወይስ መሸጥ?

አመድ የሚወርደው እንደ ክብ ሰሌን ተዘርግቶ አይደለም። ነፋሱ በሄደበት እንደ ረጅም መቀነት ነው፤ ርዝመቱ በመቶ ኪሎ ሜትር ሲቆጠር ጎኑ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንጋ የሚያነሱ ከሆነ በመቀነቱ ርዝመት አይሂዱ፤ ወደ ጎን ይቁረጡት። ከአመዱ ፊት ፊት እየሸሹ ሦስት ቀን ቢነዱ አሁንም አመድ ላይ ያድራሉ፤ ወደ ጎን ግን የአንድ ቀን መንገድ ሊያወጣዎት ይችላል። አቅጣጫውን ለማወቅ በሁለቱም ጎን ላሉ ዘመዶች ይደውሉ፤ ሰሃን ወይም የመኪና ጣሪያ ላይ ያረፈውን በጣት ጠርገው ምን ያህል እንደሆነ ይንገሩዎት። የሚሉትን በወረቀት ላይ ምልክት ቢያደርጉት መቀነቱ ራሱ ይታይዎታል።

የሚሄዱበት ቦታ ውሃ መኖሩን ሳያረጋግጡ ግን አይነሱ። አመድ ባለበት ሁለት ቀን በድርቆሽ መቆየት ውሃ በሌለበት ከመድረስ ይሻላል። የሌላውን ግጦሽ የሚረግጡ ከሆነም ጉዳዩ የሽማግሌዎች ነው። የኢሳዎች የቃል ሕግ የሆነው ሄር ኢሴ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የግጦሽና የውሃ ነገር የሚዳኝበት ሥርዓት ከመዝገቡ በፊትም እዚያው ነበረ። ችግሩ ሳይመጣ፣ በደኅናው ቀን፣ «አመድ ቢወርድ ማን ወደ ማን ይሄዳል?» ብሎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መነጋገር ከማንኛውም እርዳታ ይቀድማል።

ስለ መሸጥ፦ በወሬው የመጀመሪያ ቀን አይሽጡ። ገበያው የሚወርደው አመዱ ሳይወርድ ነው። መጀመሪያ ያለዎትን መኖ በቀን ይቁጠሩት፤ አምስት ቀን ከበቃ አምስት ቀን ማየት ይችላሉ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አመዱ ስስ ከሆነ ነፋስ ያራግፈዋል፣ ወይም ካፊያ ያጥበዋል፤ ወፍራም ከሆነም ያውቁታል። መሸጥ ግድ ከሆነ የማያጠቡትንና የማያረግዙትን አስቀድሙ፤ መንጋው የሚተካበትን ዘር ያቆዩ።

ብርካው ክዳን አለው?

የብዙ ብርካ ክዳን በእሾህ ቅርንጫፍና በቁርጥራጭ ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ፍየል እንዳይገባ፣ ፀሐይ ውሃውን እንዳይመጠው በቂ ነው። አመድን አያቆምም። በየክፍተቱ ይገባና ውሃው ላይ ቀጭን ግራጫ ቆዳ ይሠራል፤ ከዚያ ይሰምጣል፤ በሚሰምጥበት ጊዜም የለበሰውን ለውሃው ይተውለታል።

ስለዚህ ወሬው እንደተሰማ፣ ከብት ከመሰብሰብም በፊት፣ ሸራ ወይም ላስቲክ ብርካው ላይ ያልብሱና ዳር ዳሩን በድንጋይ ይጫኑት። ጎርፍ የሚገባበትን ቦይ በድንጋይና በጭቃ ይዝጉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላችሁ አሸንዳውን ከበርሜሉ ንቀሉት። ጄሪካን ሁሉ ይሞላ፣ ይከደን። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ በኋላ ከሚመጣው ሁሉ ይህች ሰዓት ትበልጣለች።

ካልደረሱና አመድ ከገባ ሁለት ነገር ይለዩ። ጥልቅና ሙሉ ብርካ ብዙ ውሃ ስላለው የገባውን ያቀጥነዋል። የከብት ገንዳ ግን ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ትንሽ አመድ ውሃውን ሁሉ ይለውጠዋል፤ ገንዳውን ይድፉ፣ ይጥረጉ፣ አዲስ ይሙሉ። ከብርካ ሲቀዱ ከላይ ከላይ፣ ሳይበጠብጡ ይሁን፤ ሌሊት ይዝቀጥ፣ ጠዋት በታጠፈ አቡጀዲ ይጠለል። ውሃ አጋር ወይም ሌላ ክሎሪን የምትጨምሩት ከተጠለለ በኋላ ነው፤ በደፈረሰ ውሃ ላይ መድኃኒቱ አቅሙን ያጣል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተንን ይበልጥ ያከማቸዋል። ጎምዝዞ ወይም ብረት ብረት ካለ ለሕፃን አይስጡ፤ ከተሸፈነ ጉድጓድ የተቀዳ ይፈልጉለት።

ማን ይታፈን ይሆን?

ጤነኛ ጎልማሳ ለጥቂት ቀን ያስለዋል፣ ጉሮሮው ይከረክራል፣ ዐይኑ ይቀላል፤ ያልፋል። አስም ያለበት፣ የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበት፣ ሕፃንና አዛውንት ግን ከቤት አይውጡ፤ የአስም መድኃኒታቸውም በእጃቸው ይሁን። ቤት ውስጥ ከሰልና እንጨት ማጨስ በእነዚያ ቀናት ይቀነስ፤ ያው ሳንባ ነው ሁለቱንም የሚችለው።

ከሁሉ የተሻለው ፊት ላይ ግጥም የሚል ኤን 95 የተባለው ማስክ ነው። ከሌለ ተራው የሐኪም ማስክ፣ ጠርዙ በላዩ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተጭኖ። እሱም ከሌለ ሻሽ ወይም ጋርባሳር፣ ደጋግሞ ታጥፎ። ብዙ ሰው ጨርቁን በውሃ ይነክራል፤ ተሞክሮ የታየው ግን ማራስ ማጣሪያነቱን እንደማይጨምር ነው። ውሃ ውድ በሆነበት አገር ለዚህ አያባክኑት። ዐይን ውስጥ ከገባ አይሹ፤ በንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት።

ቤቱ ይወድቃል?

አይሻ ላይ ለዚህ መሰደድ አያስፈልግም። አንድ ሴንቲ ሜትር ደረቅ አመድ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሲርስ እስከ 20 ይደርሳል። ደካማ ጣሪያ የሚደረመሰው ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ በዝናብ የራሰ፣ ሲጫነው ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈነዳ በዚያው ቀን አውሎ ነፋስ ዝናብ ይዞ መጥቶ አመዱን ስላራሰው ብዙ ሰው በጣሪያ ሥር ሞተ። ከአይሻ ተራሮቹ ስለሚርቁ የሚጠበቀው ሚሊ ሜትር ነው። በሰሌን በተሸፈነ አቃል ውስጥ የሚኖር ሰው ሰሌኑን ያራግፋል፣ አለቀ።

ቆርቆሮ ሲጠርጉ ግን መጀመሪያ በጥቂቱ ይርጩት፤ ደረቁን ከጠረጉ ሁሉንም በአፍንጫዎ ይወስዱታል፣ ብዙ ውሃ ካፈሰሱበትም ይጋገርና ይከብዳል። ከወደቁ የሚጎዱበትን ጣሪያ ለብቻዎ አይውጡ።

መንገዱ፣ ባቡሩ፣ መብራቱ

ሾፌሮች፦ ከቻላችሁ ቁሙ። ካልቻላችሁ መብራት አብርታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከፊት ካለው መኪና ርቃችሁ ሂዱ። በደረቅ መስታወት ላይ የዝናብ መጥረጊያ አታስነሱ፣ አንድ ዙር ብቻውን መስታወቱን ይሸረክተዋል፤ ውሃ አፍስሱበት። የአየር ፊልትሮውን በየቆማችሁበት አራግፉ።

እርጥብ አመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ደረቁ ምንም አይል፤ ጤዛ ወይም ካፊያ ሲነካው የመስመሩ ሲኒ ላይ ብልጭታ ይፈጥራል፣ መብራትም ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ባቡሩ ሊቆም እንደሚችል ይጠብቁ። ከዘይትና ከዱቄት ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ቤት ውስጥ ይኑር። በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ካላችሁ ሰሌዳውን በውሃ አጥቡት፤ በደረቅ ጨርቅ ከፈተጋችሁት ተቧጭሮ ይቀራል።

ከድሬዳዋ ወይም ከጅግጅጋ በረራ ቢሰረዝብዎ አይናደዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኢንዶኔዥያ ላይ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን በጨለማ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ፤ ብርጭቆው በሞተሩ ሙቀት ቀልጦ ውስጥ ውስጡን ለበጠው። ከደመናው ሲወጡ ሞተሮቹ ተነሱላቸው፣ ሁሉም ዳኑ። ለአፍሪካ ሰማይ ይህን ደመና የሚከታተለው ፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው ማዕከል ነው፤ ለበረራ ተብሎ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ የደመናውን ከፍታና አቅጣጫ ስለሚናገር ለእረኛም ይጠቅማል።

የመሬቱን እንቅስቃሴ በተመለከተ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩትን ቃል ይጠብቁ፤ ነፋሱን በተመለከተ የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን። ቀን፣ ሰዓትና የተራራ ስም የሌለው፣ «አስተላልፉ» የሚል የድምፅ መልእክት ሲደርስዎ እዚያው ያቁሙት።

ብርካው መቼ ይከፈት?

ይህኛው ከሁሉ ከባድ ነው። አመዱ ወርዶ፣ ነፋሱ ወራት ሲያዞረው ቆይቶ፣ የካራን የመጀመሪያ ዝናብ ይመጣል። ከብቱ ተጠምቷል፣ ብርካው ወርዷል፣ ጎርፉ በቦዩ አፍ ላይ እየጮኸ ይመጣል። ያ የመጀመሪያ ጎርፍ ከሜዳው ሁሉ አመዱንና አመዱ የለበሰውን ጠራርጎ የያዘ ነው። ልብዎ ድንጋዩን አንስቶ ውሃውን ማስገባት ይፈልጋል። ያሳልፉት። ከቻሉ ሁለተኛውንም ያሳልፉት፤ ሦስተኛው ሲመጣ በብርጭቆ ይቅዱና ያሳድሩት፤ ጠዋት ሥሩ ላይ የተጋገረ ግራጫ ነገር ከሌለ የቦዩን ድንጋይ ያንሱ።